ዋርፋሪን (የደም ማቅጠኛ መድኃኒት) ለምትወስዱ የሀዋሳ ልጆች፣ አንዲት ፋርማሲስት ልጠቁማችሁ

ሰላም ለሁላችሁ። አቶቴ አካባቢ ፋርማሲ ውስጥ የምትሠራ አንዲት እህት አለች። ስሟን አደባባይ ላይ እንዳላወጣ ስለለመነችኝ የምትፈልጓት በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ሁለት ጽንስ ካስወረደኝ በኋላ ነው ግራ እግሬ ያበጠው፤ ደም ረግቶበት ነበር። በ12 ሳምንት ልዩነት ሁለት ጊዜ ተመርምሬ አንቲፎስፎሊፒድ ሲንድረም እንዳለብኝ ታወቀ። የሰውነት መከላከያ ራሱ ላይ ዞሮ ደሙ ቶሎ እንዲረጋ የሚያደርግ ሕመም ነው፤ ጽንሶቹንም ያሳጣኝ እሱ ሊሆን እንደሚችል ሐኪሜ ነገረኝ። ዋርፋሪን ታዘዘልኝ፣ ደሙ ለመርጋት ምን ያህል እንደሚዘገይ የሚያሳየው አይ ኤን አር የሚባል ምርመራ ውጤቴ ከ2 እስከ 3 መሆን አለበት ተባልኩ። ቁጭ ብሎ ያስረዳኝ ግን አልነበረም።

ያስረዳችኝ እሷ ናት። ትንሽ ደብተር አውጥታ በማስመሪያ አሰመረችልኝ፦ ቀን፣ የወሰድኩት መጠን፣ ውጤት፣ አዲስ ነገር። መድኃኒቱን ሁልጊዜ ማታ 2 ሰዓት እንድውጥም ተስማማን።

ሁዳዴ ላይ ውጤቴ 1.4 ወረደ። አንድም ቀን አልዘለልኩም ነበርና ደነገጥኩ። ደብተሩን አገላብጣ «እየጾምሽ ነው አይደል? ጎመን አብዝተሻል?» አለችኝ። በቀን ሁለቴ ነበር የምበላው፣ በቆጮም በእንጀራም! ጎመን ውስጥ ያለው ቫይታሚን ኬ ለካ የዋርፋሪንን ጉልበት ያደክማል። ተዪው ግን አላለችኝም። «ብዪ፣ መጠኑ ግን አይዋዥቅ፤ ጾም ሲገባም ሲፈታም ተመርመሪ» አለችኝ። እዚያው ለሐኪሜ ደወለች፣ መጠኑን እሱ አስተካከለ።

ሌላ ቀን ለሆዴ ሕመም ከአንድ ቦታ ሜትሮኒዳዞል ገዝቼ ነበር፤ ሌላ ምን ትወስጂያለሽ ብሎ የጠየቀኝ የለም። ፌስታሌ ውስጥ አይታው እጄን ያዘችኝ። ከዋርፋሪን ጋር ሲወሰድ ደም ከልክ በላይ ቀጥኖ መድማት ያመጣል። ለሕመም ማስታገሻም ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን እንዳልነካ ያስጠነቀቀችኝ እሷ ናት። ድድ ሲደማ፣ ሰገራ ሲጠቁር፣ ድንገተኛ ከባድ ራስ ምታት ሲመጣ ወይም አንድ የሰውነት ጎን ሲደክም ወደ እሷ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ድንገተኛ ክፍል እንድሄድ ደብተሩ ጀርባ ላይ ጽፋልኛለች።

አንድ ቀን ደግሞ ወረፋ እያለ ከባንኮኒው ጀርባ ወጥታ ቀስ ብላ «የወር አበባሽ ከዘገየ ሳትውዪ ሳታድሪ ነዪ» አለችኝ። ዋርፋሪን በመጀመሪያዎቹ የእርግዝና ወራት ጽንስ ይጎዳል፤ ሐኪም ሄፓሪን በሚባል ሌላ የደም ማቅጠኛ መርፌና በትንሽ አስፒሪን ይተካዋል፣ እንዲህ እየታከሙም ብዙዎች ወልደው ይስማሉ። እኔና ባለቤቴ ቤታችን ውስጥ ስለ ልጅ ማውራት ትተን ነበር። ያን ቀን ማታ አወራን።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያለፈው ሳምንት ውጤቴ 2.6 ነው፣ ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ።

ወደ እሷ ስትሄዱ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ፣ የባህሉንም ጭምር፣ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። መጀመሪያ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።