የክረምት ጉዞ ለጎጃም ልጆች፦ ኬንያ ወይስ ኡጋንዳ?

ሰሞኑን ደብረ ማርቆስ ላይ ከወላጆች ጋር ቁጭ ብለን ስንከራከር ነበር። የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ልጆችን በክረምት ውጭ አገር እንውሰድ ከተባለ፣ የት?

ለዱር እንስሳ ከሆነ ኬንያን የሚያህል የለም። ከሐምሌ ጀምሮ ዊልደቢስት የሚባለው እንስሳ ከታንዛኒያው ሴሬንጌቲ እየጎረፈ የማራን ወንዝ ይሻገራል። አዞው ደግሞ አድፍጦ ይጠብቃል። የእኛም ትምህርት ቤት የሚዘጋው ያኔ ነው። ጊዜ ካጠረ የናይሮቢ ፓርክ አለ፤ አንበሳው ተኝቶ ከጀርባው የከተማው ፎቅ ይታያል። ማሳይ የሚባሉት የአገሩ ሰዎች በጭፈራ ሲዘሉ፣ የእኛዎቹ እስክስታ ሲመቱ አስቡት፤ አንዱ በእግር፣ ሌላው በትከሻ።

ኡጋንዳ ጎሪላ አለ ብላችሁ እንዳትቸኩሉ። ከ15 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ አይፈቀድም። የእኛዎቹ አብዛኞቹ ገና 13 እና 14 ናቸው።

ግን ጂንጃ አለች። ነጭ ዓባይ ከቪክቶሪያ ሐይቅ የሚወጣባት ከተማ። ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ሥር ያደገ ልጅ እዚያ ካለ እኩያው ጋር ወሬ አይቸግረውም፤ የሁለቱ ውኃ ካርቱም ላይ ይገናኛል። ያው ነጭ ዓባይ እዚያው ኡጋንዳ፣ ሙርቺሰን ፏፏቴ ላይ 7 ሜትር ገደማ በሆነች ስንጥቅ ሾልኮ 43 ሜትር ይወረወራል። ከታች ጉማሬና አዞ። ጢስ ዓባይን ላየ ልጅ ጥሩ መከራከሪያ ነው።

የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ለሁለቱም ያዙ። እኔ ድምፄን ለኡጋንዳ ሰጥቻለሁ። ባለቤቴ ግን «ልጁ የማራን ጉድ ካላየ ምኑን ሄደው?» ትላለች።