ሱቄን ከ«ሲስተም የለም» ያወጣልኝን ልጅ ላመስግን

መርካቶ ውስጥ የኤሌክትሪክ ዕቃ አከፋፍላለሁ። ባንክ ቤት «ሲስተም የለም» በተባልኩ ቁጥር ያልተሳደብኩት ስድብ አልነበረም። ዘንድሮ ግን እኔው ራሴ ለደንበኞቼ ስለው ከረምኩ።

ሰርቨራችን፣ የሱቁ ፕሮግራም የሚሠራበት ዋናው ኮምፒውተር፣ በሦስት በአራት ቀኑ ቀጥ ይላል። አጥፍተን ስናበራው ይነሳል፣ ደግሞ ይቆማል። የመጀመሪያው ባለሙያ «ራም አንሶት ነው» ብሎ ይህን ኮምፒውተሩ ሲሠራ መረጃ የሚይዝበትን ማስታወሻ ከ16 ጊጋ 32 አስደረገኝ። መቆሙ ወደ ሳምንት ተራዘመ እንጂ አልቀረም። ሁለተኛው በየሌሊቱ ጠፍቶ እንዲበራ አድርጎት ሄደ። ወር መጨረሻ ላይ ሪፖርት ሲበዛ በጠራራ ፀሐይ ቆመ፤ ሰውየው ስልክ አያነሳም። ሦስተኛው «አዲስ ሰርቨር ግዛ» አለኝ። እሱማ ዕቃውን እንኳ አላየውም፣ በስልክ ነው!

ይህን ልጅ ያመጣልኝ የአጎቴ ልጅ ነው። ገብቶ ኪቦርዱን አልነካም። እኔንም አልጠየቀኝም። ቀጥ ብሎ ካሸራችን ጋ ሄደና «እህቴ፣ ሲቆም ምን እየሠራሽ ነበር?» አላት። ከመሳቢያዋ ደብተር አወጣች። የቆመበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ያኔ የከፈተችውን ሁሉ በእስክሪብቶ ጽፋዋለች። ለካ ለነዚያ ሁሉ ባለሙያዎች ልታሳይ ሞክራ የሰማት የለም። እውነቱን ልናገር፣ እኔም አልሰማኋትም። ልጁ ግን ወንበር ስቦ ገጽ በገጽ አነበበው። «የሽያጭ ሪፖርት» የሚል ባየ ቁጥር ጣቱን ያሳርፍበታል።

ከሰዓት በኋላ አገኘው። ማይኤስኪውኤል ምናምን ያለኝ አልገባኝም። የገባኝ፣ ፕሮግራሙ ዳታቤዙን፣ የሽያጩን መዝገብ ማለት ነው፣ ሪፖርት በጠየቀ ቁጥር መልሱን ራም ላይ ያስቀምጣል፤ ተነቦ ሲያበቃ ግን አይለቀውም። «ጋሼ፣ ቡና የጠጣ ሁሉ ሲኒውን ይዞ ቢሄድ ረከቦቱ ላይ ምን ይቀራል?» አለኝ። እኔ ለካ ሲኒ ስገዛ ነው የከረምኩት!

ያስተካከለው ጥቂት መስመር ነው። የተቀበለኝ ገንዘብ የራሙን ሩብ አይሆንም። ሰኔ 30 የዓመቱን ሒሳብ ስንዘጋ ደግሞ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ራሱ ደወለ። «እንዴት ነው፣ ቆመ?» አልቆመም። እስካሁንም አልቆመም። ተባረክ ልጄ፣ የወለደችህ እናት ትባረክ!

ሱቅ፣ ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤት ያላችሁ፣ ራም ከመግዛታችሁ በፊት ይሄን ልጅ አስጠሩት። እባካችሁ አስጠሩት። ስልኩን ሳላስፈቅድ አልለጥፍም፤ በውስጥ ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። የሚመቸው ቅዳሜ ነው። ብቻ የዚያን ቀን ካሸራችሁ እንዳትቀር።