ሃይድራንጂያን ከጽጌረዳ ጋር ወይስ ከባሕር ዛፍ ቅጠል ጋር?

ሃይድራንጂያ ትናንሽ አበቦች እንደ ኳስ ተሰብስበው የሚታዩበት አበባ ነው፤ ራሱ ትልቅ ነው። ሦስት ብቻ ካሰራችሁ የአበባ እቅፉ ግማሽ አለቀ ማለት ነው። ክፍተቱን በምን እንሙላው?

ጽጌረዳ አዲስ አበባ ውስጥ በየአበባ ሱቁ አለ፤ ቀለሙም ሞልቷል። ለሰማያዊ ሃይድራንጂያ ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሮዝ ይስማማዋል። ደማቅ ቀይ ግን ይቅርባችሁ፤ ሁለቱም «እኔን እዩኝ» ይላሉ። ጽጌረዳውን ትንሽ ከፍ አድርጋችሁ ሰኩት፣ አለበለዚያ በሃይድራንጂያው ይዋጣል። ለሠርግ እኔ የምመርጠው ይህንን ነው።

ለቤት ከሆነ ግን ባሕር ዛፍ ይበልጥብኛል። ገና ከወጣ ነጭ ባሕር ዛፍ የተቆረጠ ቅርንጫፍ ቅጠሉ ሰፋ ያለ፣ ቀለሙ ወደ ብር የሚያደላ ነው። ሰማያዊውንም ሮዙንም ያደምቃል፤ ወጪውም ኢምንት ነው። ሽታው ግን ከበድ ስለሚል ምግብ ጠረጴዛ ላይ አታድርጉት።

ትልቁ ልዩነት የሚታየው ሃይድራንጂያው ሲጠወልግ ነው። ውሃ ወዳድ ስለሆነ ድንገት አንገቱን ይደፋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ግንዱን በሰያፍ እንደገና መቁረጥና አበባውን ከነራሱ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ያህል መንከር። በአበባውም በኩል ውሃ ስለሚጠጣ ብዙ ጊዜ ይነሳል። ለዚህ ሃይድራንጂያውን ከባሕር ዛፍ ቅጠል መሃል መዞ ማውጣት አያስቸግርም። ጥቅጥቅ ካለ እሾሃም ጽጌረዳ መሃል ግን፣ እጃችሁን ጠብቁ!

የቱንም ብትመርጡ ውሃ ውስጥ የሚገባውን ቅጠል አራግፉ፤ ይበሰብሳል።