የትልልቅ ልጆች ጋሪ፦ በአንድነት ፓርክና በወዳጅነት ፓርክ ቀኑን ሙሉ የሚችለው የትኛው ነው?

የ5 ዓመት ልጅ ሰፈር ውስጥ ሲሮጥ የሚደርስበት የለም። አንድነት ፓርክ ገብቶ ሁለት ሰዓት ከተዘዋወረ በኋላ ግን "እሽኮኮ" ማለቱ አይቀርም። አንበሶቹ ገና አልታዩም፣ የክልሎቹ እልፍኝ ገና ነው፣ ፀሐዩ አናት ላይ ነው። 18 ኪሎ ልጅ ተሸክሞ ቀሪውን መንገድ መጨረስ የወላጅን ወገብ ይጎዳል፤ ልጁም ደክሞት እያለቀሰ ከፓርኩ የሚያስታውሰው ነገር አይኖርም። ለዚህ መፍትሔው ጋሪ ነው። ችግሩ አዲስ አበባ ሱቆች ውስጥ የሚደረደሩት አብዛኞቹ ጋሪዎች ለሕፃን የተሠሩ መሆናቸው ነው፤ ትልቅ ልጅ ሲቀመጥባቸው በመጀመሪያው ቀን ደህና ይመስላሉ፣ በሦስተኛው ወር ብረታቸው ይላላል።

ፍርዳችንን አስቀድመን እንናገር። በታክሲ ወይም በራይድ ለሚንቀሳቀስ ቤተሰብ የሚሻለው 22 ኪሎ የሚችል፣ ታጥፎ ትንሽ ሻንጣ የሚያክለው ጋሪ ነው። የራሱ መኪና ላለውና ልጁ ከ20 ኪሎ በላይ ለሆነበት ደግሞ አየር የሚሞላ ጎማ ያለው ባለ ሦስት እግር። እንደ ጃንጥላ የሚታጠፈውን ቀጭን ጋሪ፣ ዋጋው ቢያጓጓም፣ ለዚህ ሥራ አንመክርም።

ከቀለሙና ከጥላው በፊት የሚታየው የክብደት ልኩ ነው። ብዙውን ጊዜ ከመቀመጫው ሥር ወይም ከኋላ ብረቱ ላይ በተለጠፈ ወረቀት ይጻፋል። የአውሮፓ የጋሪ ደረጃ ኢኤን 1888 በፈረንጆቹ 2018 ሲወጣ ለሁለት ተከፍሏል፤ ክፍል 1 እስከ 15 ኪሎ፣ ክፍል 2 ከ15 እስከ 22 ኪሎ ለሚመዝኑ ልጆች ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ "1888-1" ብቻ ካለ ጋሪው ለትልቅ ልጅ አልተፈተነም ማለት ነው፤ "1888-2" የሚለውን ፈልጉ። ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ልኩ በፓውንድ ይጻፋል፦ 50 ፓውንድ 22.7 ኪሎ ነው። ልጆች በአማካይ በ4 ዓመታቸው 16፣ በ5 ዓመታቸው 18፣ በ6 ዓመታቸው 20 ኪሎ ገደማ ይመዝናሉ። እዚህ ላይ ጫማ፣ ጃኬትና ልጁ እቅፉ ውስጥ ይዞት የሚቀመጠው ቦርሳ ሲደመር ሌላ ኪሎ ተኩል ነው። 15 ኪሎ የሚለው ጋሪ እንግዲህ 4ኛ ዓመቱን ላከበረ ልጅ ከመጀመሪያውም አይበቃም።

ክብደቱ ቢበቃም ቁመቱ ላይበቃ ይችላል፤ ብዙ ገዢ የሚሳሳተው እዚህ ጋ ነው። የ5 ዓመት ልጅ ሲቀመጥ ከመቀመጫው እስከ አናቱ 60 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ጥላው ከዚያ በታች ከሆነ ልጁ አንገቱን አቀርቅሮ ይቀመጣል፣ እንቅልፍ ሲወስደው ደግሞ አናቱ ከመደገፊያው ወጥቶ ወደ ኋላ ይንጠለጠላል። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፤ መደገፊያው ከ48 ሴንቲ ሜትር ቢያንስ አትግዙ። ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ እግር ማሳረፊያው ያለውም ይለካ፤ 28 ሴንቲ ሜትር ገደማ ካልሆነ ጉልበቱ ደረቱ ላይ ይመጣል፣ ወይም እግሩን አውርዶ መሬት ይጎትታል። የሚጎተተው ጫማ ከፊት ጎማው ጋር ሲጠላለፍ ጋሪው ድንገት ቆሞ ወደፊት ይደፋል። የትከሻ ቀበቶው የሚወጣበት ቀዳዳም ከልጁ ትከሻ በታች መሆን የለበትም። ከታች ከሆነ ቀበቶው ትከሻውን ወደ ታች እየተጫነ ያጎብጠዋል። አንዳንድ ጋሪ የትከሻውን አውልቆ የወገቡንና በእግሮች መካከል የሚያልፈውን ብቻ መጠቀም ያስችላል፤ ለ5 ዓመት ልጅ ያ ይሻላል። ምንም ቢሆን የወገቡ ይታሰር።

አሁን ወደ ጃንጥላ ጋሪው እንመለስ፤ በየሱቁ በብዛት የሚገኘውና ብዙ ሰው የሚገዛው እሱ ነውና። ይህን ዓይነት ጋሪ በፈረንጆቹ 1965 የፈጠረው እንግሊዛዊው የአውሮፕላን መሐንዲስ ኦወን ማክላረን ነው፤ ዓላማው ቅለት ነበር፣ ለሕፃን ደግሞ እስካሁን ጥሩ ነው። ለትልቅ ልጅ የማይሆነው በአሠራሩ ምክንያት ነው። ከኋላ ሁለት ብረቶች እንደ መስቀል ይተላለፋሉ፣ መጋጠሚያቸው ላይ ሁለቱን የሚያያይዝ አንድ ሪቬት (አጭር የብረት ሚስማር) አለ። 18 ኪሎ ተቀምጦበት የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ለመውጣት እጀታውን ወደ ታች ስትጫኑ ብዙው ጭነት የሚያርፈው በዚያች ሪቬት ላይ ነው። ቀዳዳዋ ቀስ በቀስ ይሰፋል፣ ጋሪው ወደ አንድ ጎን መጎተት ይጀምራል። እጀታው ሁለት ስለሆነ በአንድ እጅ አይገፋም፤ በሌላው እጅ ታናሹን የያዘች እናት ትቸገራለች። ጎማው ደግሞ ዲያሜትሩ ከ12 እስከ 14 ሴንቲ ሜትር የሆነ ደረቅ ፕላስቲክ ነው። በአዲሶቹ የእግረኛ መንገዶች ላይ ለማየት ለተሳናቸው የተነጠፈው ቢጫ ጎርባጣ ንጣፍ ላይ ሲያልፍ ልጁ ጥርሱ እስኪጋጭ ይንቀጠቀጣል። የውሃ መውረጃ ቦይ ፍርግርግ ላይ ደግሞ ጎማው ክፍተቱ ውስጥ ይገባና ጋሪውን ያቆመዋል። የግድ ከሆነ ፍርግርጉን ፊት ለፊት ሳይሆን በሰያፍ አቋርጡት።

ታጥፎ ሻንጣ የሚያክለው ዓይነት፣ በአውሮፕላን ውስጥ ይዘውት እንዲገቡ የተሠራው፣ ከ6 እስከ 7 ኪሎ ይመዝናል። ከሚታወቁት ውስጥ ዮዮ እስከ 22 ኪሎ ይችላል፣ ታጥፎ 52 በ44 በ18 ሴንቲ ሜትር ነው። ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸው ርካሾችም በብዛት አሉ፤ ቅርጹ ሳይሆን የክብደት ወረቀቱ ይታመን። እጀታው አንድ ወጥ ስለሆነ በአንድ እጅ ይገፋል፣ በአንድ እጅ ይታጠፋል። ሚኒባስ ውስጥ ከእግር ሥር ወይም ጭን ላይ ይገባል፤ የጃንጥላው ግን ታጥፎም ከ1 ሜትር ስለሚረዝም ረዳቱ የአንድ ሰው ሒሳብ ሊጠይቅበት ይችላል፣ ቪትዝ ውስጥም ከኋላ በሰያፍ ካላስተኙት አስቸጋሪ ነው። የዚህ ዓይነት ጋሪ ድክመት የፊት ጎማው ትንሽነት ነው፤ ኮብልስቶን ላይ አይሆንም። ኮብልስቶን ሲገጥም ልጁን አውርዱት። ትልቅ ልጅ ከሕፃን የሚለየው በዚህ ነው፦ እግሩ አለ፣ ሃምሳ እርምጃ ይሄዳል። ደረጃም ሆነ የመንገድ ጠርዝ ሲመጣ ወርዶ ባዶው ጋሪ ቢነሳ የጋሪውም የናንተም ዕድሜ ይረዝማል።

ባለ ሦስት እግሩ ሌላ ነገር ነው። የኋላ ጎማው 30 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ፣ በአየር የተሞላ፤ ኮብልስቶኑንም ሣሩንም በቀላሉ ያልፈዋል። ቦብ የሚባለው የአሜሪካ ጋሪ 75 ፓውንድ፣ 34 ኪሎ ይችላል። ዋጋውም ክብደቱም ከባድ ነው፤ ባዶውን ከ10 ኪሎ በላይ ስለሆነ ደረጃ ላይ ሁለት ሰው ይፈልጋል። ጎማው ቢበሳ ግን አትጨነቁ፤ እንደ ጎማው መጠን የ12 ወይም የ16 ኢንች የልጅ ብስክሌት ካላማዳሪ ይገጥመዋል፣ ጎሚስታው ጋ ይለጠፋል። ጎሚስታውን የምናስጠነቅቀው አንድ ነገር አለ፦ የሚሞላው አየር ጎማው ላይ እንደተጻፈው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ፒኤስአይ (የአየር ግፊት መለኪያ)። በመኪና ኮምፕረሰር ትንሽ ያለፈ እንደሆነ ሊፈነዳ ይችላል።

ቦታዎቹን በተመለከተ። አንድነት ፓርክ፣ በ2012 መስከረም ታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ የተከፈተው፣ ዋና ዋና መተላለፊያዎቹ ለጋሪ ምቹ ናቸው። ግቢው ግን ተዳፋት ነው። ታሪካዊዎቹ ሕንፃዎች፣ የዙፋን ቤቱም የምኒልክ የግብር አዳራሽም፣ በጋሪ የሚጎበኙ አይደሉም፤ አንድ ሰው ከጋሪው ጋር ውጭ ይቆይና ተራ ይቀያየሩ። መግቢያው ላይ ፍተሻ ስላለ ከመቀመጫው ሥር ያለውን ቅርጫት በዕቃ አታጭቁት፤ ሁሉንም አውጡ ስትባሉ ከኋላችሁ ሰልፍ ይቆማል። እንስሳቱን አስቀድሙ። ልጁ ጉልበት እያለው በእግሩ ይያቸው፣ ጋሪው ባዶውን ይከተል፤ ድካሙ ሲመጣ ለመመለሻው ይቀመጥ። ከመጀመሪያው ደቂቃ የተቀመጠ ልጅ ሁለት ሰዓት ሲሞላው ሰልችቶት መውረድ ይፈልጋል፣ ያኔ ደግሞ የሚገፋው ሰው ደክሟል።

ወዳጅነት ፓርክ ለጋሪ የተሻለ ነው፤ ሰው ሠራሽ ሐይቁን የሚዞረው መንገድ ሰፊና ለስላሳ ነው። ውሃው ዳር ስትቆሙ ፍሬኑን በእግር ረግጣችሁ ጋሪውን ከውሃው ጋር ትይዩ አቁሙት፣ ፊቱን ወደ ውሃው አታድርጉ። መስቀል አደባባይ ላይ ከላይኛው መንገድ ወደ ሜዳው በደረጃዎቹ ለመውረድ አትሞክሩ፣ ዞራችሁ ግቡ።

ከመስቀል አደባባይ በኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥትና በሂልተን በኩል ወደ ታላቁ ቤተ መንግሥት የሚወጣው መንገድ ዳገት ነው፤ ሲወጣ ልብ ያደክማል፣ ሲወረድ ግን አደጋው ያኔ ነው። 20 ኪሎ ልጅ ከጋሪው ጋር 27 ኪሎ ነው፣ እጅ ካመለጠ የሚያቆመው የለም። እጀታው ላይ የእጅ ማሰሪያ ገመድ እሰሩና አንጓችሁ ላይ አጥልቁት። ቁልቁለቱ ሲበረታ ጋሪውን አዙራችሁ እናንተ ከታች ሆናችሁ ወደ ኋላ እየተራመዳችሁ አውርዱት። የእግር ፍሬኑ ለቆመ ጋሪ ብቻ ነው፤ እየሄደ ከተረገጠ የፍሬኑ ጥርስ ሊሰበር ይችላል። ሱቅ ውስጥም ስትሞክሩት ልጁን አስቀምጣችሁ፣ ፍሬኑን ይዛችሁ በሁለት እጅ ግፉት፤ ጎማው ከተንሸራተተ ሳይሆን ከዞረ ተዉት።

ቦርሳ እጀታው ላይ አይንጠልጠል። ልጁ ተቀምጦ ሳለ ደህና ይመስላል፤ ዘሎ ሲወርድ ግን ጋሪው ወደ ኋላ ይወድቃል፣ ከኋላ ታናሽ ልጅ ካለ ፊቱ ላይ ነው። ትልቁን ልጅ ይህን አስተምሩት፦ ሳይነገረው አይወርድም፣ ጋሪውንም አያጥፍም። የማጠፊያው መጋጠሚያ የጣት ጠላት ነው። በ2009 በፈረንጆቹ የማክላረን ኩባንያ አሜሪካ ውስጥ ለተሸጡ 1 ሚሊዮን ገደማ ጋሪዎች የመጋጠሚያ መሸፈኛ ያቀረበው የጣታቸው ጫፍ የተቆረጠ ልጆች ስለነበሩ ነው። ያገለገለ ጋሪ ስትገዙ መሸፈኛው መኖሩን እዩ።

ያገለገለ ሲባል፣ መርካቶም ሆነ ቴሌግራም ላይ ጥሩ ዕቃ ይገኛል፣ ካወቁበት። ጋሪውን ክፈቱና እጀታውን ወደ ግራ ወደ ቀኝ ወዝውዙት፤ ጎማዎቹ መሬት ሳይለቁ ብረቱ ብቻ ከሦስት ጣት በላይ ከተጠማዘዘ ሪቬቶቹ አልቀዋል። የፊት ጎማዎቹን በየተራ አንስታችሁ አሽከርክሩ፤ ከተንገራገጨ ኩሽኔታው ሄዷል። የተሰበረ ሪቬት በቡሎንና በሚቆልፍ ዳዶ መተካት ይቻላል፣ የተሰነጠቀ ፕላስቲክ መጋጠሚያ ግን አይጠገንም። በብየዳ የተጠገነ ቀጭን አልሙኒየም ካያችሁ ጥላችሁ ሂዱ።

ፀሐይ ለመከላከል ነጠላ ወይም ፎጣ ጥላው ላይ ጥሎ ፊቱን መዝጋት የተለመደ ነው፤ አታድርጉት። አየር ስለማይገባ ውስጡ ይታፈናል፣ የተኛ ልጅ ደግሞ ሙቀቱን አይናገርም። ሰፊ ባርኔጣ አድርጉለት። የዝናብ ላስቲኩም ለዝናብ ብቻ ነው፣ በክረምት ዶፉ እንዳባራ ይነሳ፤ ቤት ስትመለሱ ጨርቁን ሳታደርቁ ካጠፋችሁት ይሻግታል።

ወደ ውጭ ፓርኮች ለሚጓዙ፦ በአሜሪካ የዲስኒ ፓርኮች ከ79 ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ ወይም ከ132 የሚረዝም ጋሪ አያስገቡም፣ የሚጎተት ሠረገላም ከፈረንጆቹ 2019 ጀምሮ ከልክለዋል። ከላይ ያልነው ታጣፊ ጋሪ ይገባል፤ መጫወቻዎቹ ጋ ግን ውጭ ስለሚቆም፣ ከመቶ ተመሳሳዮች የሚለይ ደማቅ ጨርቅ እሰሩበት።

"ይኼ ሁሉ ልጅ በጋሪ?" የሚል መንገደኛ አይጠፋም። መልስ አያስፈልገውም፤ ጋሪው ለዕለት ኑሮ ሳይሆን ለረጅም ቀን ነው። በሕመም ወይም በጉዳት ምክንያት መራመድ ለሚቸገር ልጅ ግን ተራ ጋሪ መፍትሔ አይሆንም። ጨርቁ ስለሚረግብ ጀርባን ቀጥ አድርጎ አይዝም፤ ለሱ በባለሙያ የተለካ ዊልቸር ነው የሚያስፈልገው።

ታናሽም ካለ፣ ትልቁ ከኋላ የሚቆምበት ባለ ጎማ መቆሚያ ለብቻው ይሸጣል፤ አብዛኛው 20 ኪሎ ይችላል። የተቀመጠውና የቆመው ሲደመር የጋሪውን ልክ እንዳያልፍ አስሉ። አማካይ ልጅ 22 ኪሎን የሚያልፈው 7 ዓመት ሊሞላው ሲል ነው፤ ያኔ ታጣፊው ጋሪ ለሌላ ልጅ ይተላለፍ።