ስንዴ ለማስረጨት፦ ፈቃድ ያለው ድሮን፣ ርካሹ ድሮን ወይስ የጀርባ ፓምፕ?

ነሐሴ በገባ ቁጥር ስልኬ አያርፍም። «ድሮኑን በስንት አስረጨህ? ያዋጣል ወይ? ቁጥራቸውን ላክልኝ እስቲ።» ለአንዱ አስረድቼ ሳልጨርስ ሌላው ይደውላል። አንዴ ጽፌ ልገላገል።

መልሱን ቀድሜ ልንገራችሁ። መሬታችሁ ከሁለት ሄክታር በላይ ከሆነ፣ ወይም ከጎረቤት ጋር ኩታ ገጠም ካላችሁ፣ ፈቃድ ያለው ባለድሮን ቅጠሩ። ከዚያ በታች ከሆነ የጀርባ ፓምፕ ይበቃል። ርካሹን ድሮን ግን በነጻም ቢመጣ አትጥሩት። ይህን የምለው 1,200 ብር ላተርፍ ብዬ የስንዴዬን ሲሶ ስላጣሁ ነው።

እርሻችን አሰላ አካባቢ ነው፤ ከወንድሜ ጋር 3 ሄክታር ስንዴ እንዘራለን። ዋጋዎቹ እኔ ራሴ የከፈልኳቸው ናቸው። የናንተ ሰፈር ከተለየ ሒሳቡን በራሳችሁ ዋጋ ሥሩት።

በጀርባ ፓምፕ ልጀምር። ለአንድ ሄክታር 200 ሊትር ውሃ ይሄዳል፣ 10 ጄሪካን ማለት ነው። በ16 ሊትሩ ፓምፕ 13 ጊዜ እየሞሉ መመላለስ ነው። እኛ ጋ ልጆቹ የሚከፈላቸው በፓምፕ 60 ብር ስለሆነ 780 ይመጣል። ውሃውን በአህያ ለሚያደርሰው በጄሪካን 15 ብር፣ 150። ምሳ ሲጨመርበት ሄክታሩ 1,000 ብር ይሆናል።

የማይቆጠር ወጪም አለው። የኛ መሬት ዋልካ ነው፤ በነሐሴ እግር ይውጣል። ስንዴው ካደገ በኋላ ደግሞ ሰው ፓምፕ ተሸክሞ በመሃሉ ሲያልፍ እየሰበረ ነው። አንድ ልጅ በቀን አንድ ሄክታር ቢረጭ ትልቅ ነገር ነው፤ ከሰዓት ዝናብ ከመጣ እሱም የለም። ቢጫ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም።

ፓምፑ ራሱ ሌላ ጣጣ ነው። የታወቀው ማታቢ ፓምፕ ነው ብለው የሸጡልኝ አስመሳይ ቀለሙም ጽሑፉም ያው ነበር። በሁለተኛው ቀን ጎሚኒው ተቆርጦ ኬሚካሉ በልጁ ጀርባ ወረደ። ፓምፑን ሳወርድለት ሸሚዙ እስከ ቀበቶው ርሷል። እናቴ ወተት ይዛ ብትሮጥም እኔ ልብሱን አስወልቄ በሳሙናና በብዙ ውሃ አሳጠብኩት። ከዚያ ወዲህ ፓምፕ ስገዛ እዚያው ሱቁ በር ላይ ውሃ ሞልቼ፣ በጀርባዬ አዝዬ፣ አሥር ደቂቃ ሳልረጭ ብር አልሰጥም። ባለሱቆቹ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ።

ወደ ርካሹ ድሮን ልምጣ። ያገኘሁት በደላላ ነው። ፈቃድ ያላቸው ልጆች በሄክታር 1,500 ብር ጠይቀውኝ ነበር፤ ይሄኛው 1,100 አለኝ። በሦስት ሄክታር 1,200 ብር ልዩነት ነው። ስለ ፈቃዱ ስጠይቀው «አዲስ አበባ ነው፣ በሂደት ላይ ነው» አለ። እኔም ከፈቃዱ ይልቅ 1,200ዋ ታየችኝ።

ድሮኑ ሲነሳ መንደሩ በሙሉ ለማየት ወጣ። 3 ሄክታር በአርባ ደቂቃ አለቀ። የምናስረጨው ቲልት የሚባለውን የዋግ መድኃኒት ነበር። መጠኑ በሄክታር ግማሽ ሊትር ስለሆነ ሊትር ተኩል ገዝቻለሁ፣ አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ጠርሙስ። ሥራው ሲያልቅ ትልቁ ከአንገቱ ትንሽ ዝቅ ብሎ፣ ትንሹ ሳይከፈት ተመለሰልኝ። «ድሮን ኬሚካል ይቆጥባል» አለ ልጁ። ደስ አለኝ። ለወንድሜ ደውዬ ጉራዬን ነዛሁበት።

በሳምንቱ ማሳው ውስጥ ገብቼ ቅጠሉን በጣቴ ሳሸው፣ ጣቴ እንደ እርድ ቢጫ ዱቄት ይዞ ወጣ። ዋጉ ምንም አልሆነም። የልማት ጣቢያ ሠራተኛዋን ጠርቼ ጠርሙሶቹን ሳሳያት ጭንቅላቷን ያዘች።

ልጁ የበጠበጠው በጀርባ ፓምፕ መጠን ነበር። በፓምፕ ግማሽ ሊትሩ በ200 ሊትር ውሃ ስለሚበጠበጥ ለ16 ሊትር 40 ሚሊ ይደርሰዋል፤ ይህን እኛ ጋ ሁሉም በቃሉ ያውቀዋል። ድሮኑ ግን ለሄክታር የረጨው 20 ሊትር ውሃ ብቻ ነው። ያው ግማሽ ሊትር እዚያች 20 ሊትር ውስጥ መግባት ነበረበት። እሱ 50 ሚሊ ጨመረ። ስንዴዬ ያገኘው ከሚገባው አንድ አሥረኛውን ነው። ለሦስቱም ሄክታር የሄደው 150 ሚሊ፤ በሻይ ብርጭቆ ልክ!

የልጁ ስልክ ከዚያ ወዲያ አይሠራም። ደላላውም «እኔ አገናኘሁ እንጂ አልረጨሁ» አለ። በጀርባ ፓምፕ ደግመን አስረጨን፤ ረፍዶ ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት 120 ኩንታል የሰጠ መሬት 78 ሰጠ። ኩንታሉን የሸጥኩት በ5,500 ስለሆነ የጎደለው 42 ኩንታል 231,000 ብር ነው። ሁሉም የልጁ ጥፋት ነው አልልም፣ ዓመቱም የዋግ ዓመት ነበር። ግን ድንበር ለድንበር ያለው ጎረቤቴ በተራ ፓምፕ በጊዜ አስረጭቶ በሄክታር 38 አስገብቷል።

በቀጣዩ ዓመት ባለፈቃዶቹን ጠራሁ፤ በ1,500ው ላይ ግማሽ ቀን ተከራክሬ አንድ ብር አልቀነሱም። መጀመሪያ ያደረጉት ቢጫ ወረቀቶች ስንዴው መሃል መትከል ነው። ጠብታ ሲነካው ሰማያዊ ይሆናል፤ ርጭቱ ታች ድረስ መድረሱን የሚያዩት በእሱ ነው። ከዚያ አብራሪያቸው ነፋስ መለኪያ አውጥቶ አየና «አሁን አይነሳም» ብሎ ሁለት ሰዓት ቁጭ አለ። እኔ ደሜ ፈላ። ግን ከማሳዬ ቀጥሎ የሰው ባቄላ አለ። ቱፎርዲ የሚባለው የአረም መድኃኒት በነፋስ ሄዶ ባቄላ ላይ ካረፈ ቅጠሉ ተጠማዞ ይቀራል። ካሳው የሚያልቀው በሽማግሌ ነው፤ ሽማግሌ ደግሞ በሚሊ ሊትር አያሰላም።

ሲጨርሱ መቆጣጠሪያው ላይ የበረረበትን መስመር፣ የወጣውን ሊትርና የተረጨውን ስፋት አሳዩኝ። 2.7 ሄክታር ይላል። 12 ጥማድ ነው እያልኩ ዕድሜ ልኬን የማወራለት መሬት! በ2.7 ሒሳብ 4,050 ብር ከፈልኩ። ለጀርባ ፓምፕ ከማወጣው 3,000 ጋር ልዩነቱ 1,050 ብር ነው፤ በዚያው በ5,500 ሒሳብ ሩብ ኩንታል ስንዴ እንኳ አይሞላም። ስክሪኑን በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ነገ ክርክር ቢነሳ ምስክራችሁ እሱ ነው።

ፈቃድን እንዴት አያለሁ ለምትሉ፦ ድሮን አገር ውስጥ ማስገባትም ማብረርም የኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደህንነት አስተዳደርን) ፈቃድ ይፈልጋል። ወረቀቱን በፎቶ ሳይሆን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት፤ እዚያ ላይ ያለውን ሴሪያል ቁጥር ድሮኑ ላይ ካለው ጋር አመሳክሩ። የማብረር ወረቀት ያለው ሁሉ ግን ኬሚካል ያውቃል ማለት አይደለም። እኔ አሁን የምጠይቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ለሄክታር ስንት ሚሊ፣ በስንት ሊትር ውሃ?» «ለአንድ ፓምፕ ይህን ያህል» ብሎ የሚመልስልኝን እዚያው አሰናብተዋለሁ። ሁለተኛው፣ ከኔ በፊት ታንኩ ውስጥ ምን እንደነበረና ስንት ጊዜ እንደታጠበ ነው።

ለቀበሌውና ለመንደሩም አስቀድማችሁ ተናገሩ። በኛ አገር ድሮን ሲባል ሰው ቀድሞ የሚያስበው መድኃኒት አይደለም። ድምፁን ሰምታ ልጆቿን እየጎተተች ቤት የገባች እናት አይቻለሁ።

ባለፈቃዶቹም እንከን አላቸው። ከ10 ሄክታር በታች ከሆነ የመንገድ ይጠይቃሉ፣ ባሕር ዛፍ ሥር ያለውን ጥግ ሳይረጩ ያልፉታል። ያንን ጥግ እኔው በፓምፕ እጨርሰዋለሁ። ቅጠሉን በሙሉ ካልሸፈነ የማይሠራ ኬሚካል ከሆነም 20 ሊትር አይበቃውም፤ ውሃውን እንዲጨምሩ ንገሯቸው፣ ዋጋ መጨመራቸው ግን አይቀርም።

«ለምን አንገዛም?» የሚሉኝ አሉ፣ በተለይ ዱባይ ዘመድ ያላቸው። ያለ ፈቃድ የመጣው ቦሌ ላይ ይቀራል። በሕጋዊ መንገድ ቢገባ እንኳ ታንኩን ሞልቶ ሲነሳ አንድ ባትሪ የሚያበረው አሥር ደቂቃ ገደማ ነው። ስለዚህ ሦስት አራት ባትሪ፣ ለባትሪው ጄኔሬተር፣ ለጄኔሬተሩ ቤንዚን ያስፈልጋል። ቤንዚን በነሐሴ ያለ ሰልፍ የት እንደሚገኝ የሚያውቅ ካለ ለኔም ይንገረኝ። አንዴ የመብራት ሽቦ ከነካ ደግሞ መለዋወጫው እስኪመጣ ዋጉ ሥራውን ጨርሷል። ለሦስት ሄክታር ይህን ሁሉ ጣጣ መግዛት ለአንድ ቡና ብሎ ወፍጮ እንደ መትከል ነው።

ዘንድሮ 11 አባወራ ሆነን 24 ሄክታር አሰባስበናል። በዚህ ጉልበት 1,500ውን ወደ 1,350 አወረድነው፤ ሩቡን ሐምሌ ላይ ቀብድ ከፍለናል፣ ነሐሴ ላይ ከሆነ ስልካቸውም አይነሳም። ለመላው ማሳ የሚያስፈልገው ውሃ 24 ጄሪካን ነው። በፓምፕ ቢሆን 240 ነበር። ሃያ አራቷን ማን ያምጣ በሚለው ላይ ግን እስከ ዛሬ አልተስማማንም።