ጋደም የሚባልበት ተገጣጣሚ የደጅ ወንበር፦ እንጨቱ ጥሩ፣ ብሎኑ ግን ለደጅ አይሆንም

ካርቶኑ ውስጥ ሁለት የጎን ፍሬሞች፣ የመቀመጫና የጀርባ ርብራብ፣ ሁለት የክንድ ማሳረፊያዎች፣ ጀርባውን ከኋላ የሚደግፍ እግር እና አንድ ከረጢት ብሎንና ቪቴ አለ። ከግራር የተሠራ፣ ጀርባው በአራት ደረጃ የሚዘነበል፣ ገዢው ራሱ የሚገጥመው ወንበር ነው። እንጨቱን የቆረጠው ሰው ሥራውን ያውቃል። ከረጢቱን ለሞላው ግን ወንበሩ ዝናብ እንደሚያገኘው የነገረው ያለ አይመስልም።

የርብራቡ ውፍረት 20 ሚሊ ሜትር ነው፤ ለመቀመጫ ልክ ነው። ከ15 በታች ሲሆን መሃሉ መርገብ ይጀምራል። ጠርዞቹም ተሞርደዋል። ይህ ለምቾት ብቻ አይደለም፤ ስለታም ጠርዝ ላይ ዘይትም ሆነ ቀለም ስስ ሆኖ ስለሚቀር መላጥ የሚጀምረው ከዚያ ነው። በርብራቦቹ መካከል ያለው 6 ሚሊ ሜትር ክፍተትም በቂ ነው። እንጨት ሲርስ የሚያብጠው ወደ ጎን ነው፣ ወደ ርዝመቱ እምብዛም አይሄድም፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቅጠልና አፈር ይሰካበትና ውሃ ይቋጥራል።

ችግሩ ብረቱ ላይ ነው። የመጣው ብሎን ዚንክ የተቀባ ተራ ብረት ነው፤ ቅቡ ደግሞ ሲጠብቅ ጭንቅላቱ ላይ ይላጣል። ግራር ውስጥ ታኒን የሚባል ተፈጥሯዊ ንጥረ ነገር አለ፤ ታኒን፣ ብረትና እርጥበት ሲገናኙ በየብሎኑ ዙሪያ ጥቁር እድፍ ይወጣል። ስለዚህ ገና ሳይገጠም ሁሉንም በስቴንለስ፣ ማለትም በማይዝግ ብረት፣ መለወጥ ነው። 304 የሚባለው ደረጃ ይበቃል፤ ጨዋማ ባሕር ዳርቻ ለሚቀመጥ ግን 316 ይሁን።

ስቴንለስ ቪቴም የራሱ ጣጣ አለው። ለስላሳ ስለሆነ ጠጣር እንጨት ውስጥ በግድ ሲገባ አንገቱ ላይ ይበጠሳል። ውፍረቱ 4 ሚሊ ሜትር ለሆነ ቪቴ ቀዳዳውን በ3 ሚሊ ሜትር ይብሱት፤ መጀመሪያ ከካርቶኑ የመጣውን ተራ ቪቴ አስገብተው ያውጡት፣ እንጨቱ ውስጥ የቪቴውን ጥርስ መንገድ ያወጣልዎታል፤ ከዚያ ስቴንለሱን የሻማ ሰም ቀብተው ያስገቡ። ከረጢቱ ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማል።

ጀርባው የሚታጠፍባቸው ሁለቱ 8 ሚሊ ሜትር ብሎኖች የተላኩት እያንዳንዳቸው በአንድ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ስስ ቀለበት) ብቻ ነው። የሚያስፈልገው ሦስት ነው፦ አንዱ ከብሎኑ ጭንቅላት ሥር፣ አንዱ ከዳዶው ሥር፣ ዋናው ደግሞ በሁለቱ እንጨቶች መካከል። መካከለኛው ከሌለ እንጨት በእንጨት ይፋተጋል፤ ዝናብ ሲያሳብጠው ጀርባው ተይዞ አልንቀሳቀስ ይላል፤ በጉልበት ሲገፋ ቀዳዳው እየሰፋ ይሄዳል። ሮንዴላ ሲጨመር ብሎኑ ስለሚያጥር 5 ሚሊ ሜትር የሚረዝም ይግዙ። ዳዶው ውስጡ የፕላስቲክ ቀለበት ያለው ዓይነት ይሁን፤ ጥብቅ አድርገው አስረው ሩብ ዙር ይመልሱት። ተራውን ዳዶ የጀርባው መመላለስ ብቻውን ይፈታዋል።

የጀርባው ደጋፊ የሚያርፍባቸው ጥርሶች ይበልጥ ሊታዩ የሚገባቸው ናቸው። ሰው ሲደገፍ ጉልበቱ በሙሉ አንድ ጥርስ ላይ ያርፋል፤ ጥርሱ የሚገነጠለውም ከሥሩ፣ በእንጨቱ መስመር ተከትሎ ነው። ስለዚህ ጥርሱን የሚያድነው ቁመቱ ሳይሆን ስፋቱ ነው። እዚህ 25 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይበቃል፣ ትርፍ ግን የለውም። ጥርሱ ሥር ጉጥ ወይም ቀጭን ስንጥቅ ካዩ ያንን ክፍል ሳይገጥሙ ያስለውጡ፤ ኮላ አይታደገውም። ጥርሶቹ ወደ ኋላ ማዘንበላቸው ጥሩ ነው፤ ክብደት ሲጨመር ደጋፊው እየጠለቀ ይገባል እንጂ ሾልኮ አይወጣም።

መመሪያው እያንዳንዱን ብሎን እያጠበቃችሁ ሂዱ ይላል። አይስሙት። ሁሉንም በግማሽ ያስሩ፣ ወንበሩን ደልዳላ ወለል ላይ ያቁሙ፣ የመቀመጫውን ፍሬም ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሁለቱም አቅጣጫ ይለኩ፤ ልኬቶቹ እኩል ሲሆኑ ያጥብቁ። ልዩነት ካለ አንዱ እግር ይወዛወዛል፣ ጀርባውም አንዱን ክንድ ማሳረፊያ እየፋቀ ይሄዳል።

አራተኛው ደረጃ ላይ ጀርባው ከኋላ እግሮች አልፎ ይወጣል። ረጅም ሰው እጁን ወደ ላይ ሲዘረጋ የፊት እግሮቹ ከመሬት ይነሳሉ። እስከ ሦስተኛው ድረስ ግን የተረጋጋ ነው። የመቀመጫው ፊት 36 ሴንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ስለሚል ጉልበቱን ለሚያመው ሰው መነሳት ይከብደዋል፤ ሰፊዎቹ የክንድ ማሳረፊያዎች ትንሽ ያግዛሉ።

ቫርኒሽ አይቀቡት። ፀሐይ ይሰነጥቀዋል፣ በስንጥቁ ውሃ ይገባል፣ ከዚያ ሁሉንም ፍቆ ከመጀመር ሌላ መላ የለም። ለደጅ እንጨት የተዘጋጀ ዘይት ይሻላል፤ ሲደበዝዝ በብርጭቆ ወረቀት አሸት አድርጎ መድገም ብቻ ነው። ከመግጠምዎ በፊት ርብራቡን አራቱንም ጎን ዘይቱን ይቀቡ፤ የተቆረጡት ጫፎች፣ በተለይ የእግሮቹ ታች፣ ውሃ ከሁሉ ፈጥነው ስለሚስቡ መጠጣት እስኪያቆሙ ይደጋገምላቸው። የቀቡበትን ጨርቅ ጨብጠው አይጣሉት፤ የሚደርቅ ዘይት ሙቀት ስለሚያወጣ የተከመረ ጨርቅ በራሱ ሊቀጣጠል ይችላል። ደጅ ላይ ዘርግተው ያድርቁት፣ ከዚያ ይጣሉ።