ባለ ቁልፍ ወይስ ባለ ጨርቅ? ለየዕለት ልምምድ የሚሆን ክራር

ባሕር ዳር ላይ ክራር ሊገዛ የወጣ ሰው ሦስት ዓይነት ያገኛል። አንዱ ለእንግዳ የተሠራ፣ ቆዳው በቀለም ያሸበረቀ የግድግዳ ጌጥ ነው፤ ወፍራሙ ቀለም ድምፁን ስለሚያፍነው ለልምምድ አይሆንም። ሁለተኛው ክሮቹ ቀንበሩ (ከላይ አግድም ያለው እንጨት) ላይ በጨርቅ ወይም በጠፍር ተጠምጥመው የሚቃኙት ነባሩ ክራር ነው። ሦስተኛው እንደ ጊታር በብረት ቁልፍ ይቃኛል። በቀን 10 ደቂቃ ብቻ ይዞ ለሚጀምር ሰው ባለ ቁልፉ ይሻለዋል።

በድምፅ ስለሚበልጥ አይደለም። በደንብ የተሠራ ባለ ጨርቅ ክራር ድምፁ ከማንም አያንስም። ችግሩ ጀማሪው ስድስቱን ክር እስኪቃኝ ሩብ ሰዓት መፍጀቱ ነው፤ አንዱን ሲያጠብቅ ቀንበሩ ይሳብና ሌላው ይረግባል። ለልምምድ የተያዘው ጊዜ እዚያው ያልቃል፤ በሳምንቱ ክራሩ ከተሰቀለበት መውረድ ይተዋል። በቁልፍ ግን 2 ደቂቃ ይበቃል።

ቁልፍ ያለው ሁሉ ደህና ነው ማለት ግን አይደለም። ሱቁ ውስጥ ስድስቱንም ክር አስቃኝቶ፣ 10 ደቂቃ ቆይቶ እንደገና መስማት ነው። አንድ ክር ብቻ ወርዶ ከተገኘ ጥፋቱ የዚያ ቁልፍ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ብሎኑ ላልቶ ስለሚሆን በትንሽ ካቻቢቴ ሩብ ዙር ማጥበቅ ያስተካክለዋል። ሁሉም በመጠኑ ከወረዱ ክሩ አዲስ ናይለን ነው፤ ተስቦ እስኪያበቃ ጥቂት ቀን መውረዱ ያለ ነው፣ አያስደነግጥም። አንዱ ወጥቶ ሌላው ወርዶ ቅኝቱ ከተዘበራረቀ ምሰሶዎቹ (ሁለቱ ቋሚ እንጨቶች) ከገበቴው (ቆዳ ከለበሰው የድምፅ ሣጥን) ጋር የተጋጠሙበትን ቦታ ይዩ። ቀንበሩን በእጅ ገፋ ሲያደርጉት የሚነቃነቅ ክራር ከነቁልፉ ይቅር።

ቆዳው እርጥበት ይጠጣል። ክረምት ሲገባ፣ ጣና ዳርም ሆነ እንጅባራ ደጋ ላይ፣ ይረግብና በርኩማው (ቆዳው ላይ ሆኖ ክሮቹን ከፍ የሚያደርገው እንጨት) ወደ ታች ይሰምጣል፤ ክሮቹ ይላላሉ፣ ድምፁም ይደፈናል። በጋ ላይ ደግሞ ደርቆ ይወጠራል። የረገበ ቆዳ እሳት ዳር ማድረቅ ክፉ ልማድ ነው፤ በአንድ ወገን ተኮማትሮ ጠርዙ ላይ ይቀደዳል። ነፋስ ባለበት ጥላ ውስጥ ቢያድር ይበቃዋል።

ወደ ልምምዱ ስንመጣ፣ ክራሩ ቦርሳ ውስጥ አይቀመጥ። ቡና የሚፈላበት ክፍል ውስጥ፣ ከከሰሉ ራቅ ብሎ እጅ የሚደርስበት ምስማር ላይ ይሰቀል። ጀበናው ሲጣድ ክራሩ ይነሣ፤ አቦሉ እስኪቀዳ ያለው ጊዜ ልክ ነው። እጅ መታጠብ አይረሳ፣ የወጥ ቅባት ክሩንም ቆዳውንም ያበላሻል።

መጀመሪያ የታችኛውን ዶ ብቻ በስልክ መቃኛ ማስተካከል፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና የላይኛውን ዶ በጆሮ መፈለግ። ስልኩ ስድስቱንም ከቃኘ ጆሮ አይሠለጥንም። የላይኛውና የታችኛው ዶ አብረው ሲመቱ ድምፁ የሚወዛወዝ ከሆነ ገና አልተገናኙም። ከዚያ 4 ደቂቃ ለግራ እጅ፦ ጣቶቹ ከኋላ ክሮቹን አፍነው ይዘው፣ ቀኝ እጅ ሲገርፍ የሚፈለገውን ክር ብቻ መልቀቅ። ቀለበት ጣት ብዙውን ጊዜ ከትንሿ ጋር አብሮ ስለሚነሣ ሁለቱን ለየብቻ ቀስ እያሉ ማላመድ ያስፈልጋል። የቀረው 4 ደቂቃ ለአንድ አጭር ሐረግ ይሁን። ሲሳሳቱ ከመጀመሪያው መመለስ በደንብ የሚያውቁትን ደጋግሞ መጫወት ነው፤ የተሳሳተችውን ድምፅና ከእሷ ቀድማ የምትመጣውን ብቻ ይዞ፣ ሦስት ጊዜ በተከታታይ ሳይስቱ እስኪወጡ ማዘግየት ይሻላል። ቡናው ከተቀዳ ክራሩ ይሰቀል፣ ቢያምርዎትም። ያመለጠ ቀን ካለ በማግሥቱ 20 ደቂቃ አይደረግ፤ ያልለመደ ጣት ይቆስላል፣ የቆሰለ ጣት ደግሞ ሦስት ቀን ያስቀራል።

የመጀመሪያው ወር ትዝታ ሜጀር በሚባለው ቅኝት ይለፍ፤ ከላይ የተጠቀሱት ድምፆች የእሱ ናቸው። ከዚያ ሚን እና ላን በግማሽ ድምፅ ዝቅ ማድረግ ብቻ ወደ ትዝታ ማይነር ያሻግራል። አንቺሆዬ የተባለው ቅኝት ይቆይ፤ ድምፆቹ ለጀማሪ ጆሮ አስቸጋሪ ናቸው።

ባለ ጨርቁን መግዛት ያለበት የሚያርመው አስተማሪ በቅርቡ ያለው ተማሪ ነው። የትኛውም ቢገዛ መለዋወጫ ክር፣ አንድ ቀጭን አንድ ወፍራም፣ ከዚያው ሱቅ አብሮ ይያዝ፤ አንድ ክር ሲበጠስ ሳምንት ሙሉ ልምምድ የሚቆመው መለዋወጫ ስለሌለ ነው።